አንድ መውረጃ ቧንቧ አይበቃም፤ መላሽ ፓምፕም የሞገድን ሥራ አይሠራም፦ ስለ ሪፍ አኳሪየም ውሃ አወራረድ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ኮራል የምናሳድግ ሰዎች እየተቀባበልን ያነበብነው ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ በሪፍ አኳሪየም (ኮራል በሚያድግበት የጨው ውሃ ገንዳ) ውስጥ ውሃ ከላይኛው ገንዳ በኦቨርፍሎው (ከገጹ የሚተርፈው ውሃ በሚገባበት ሳጥን) በኩል ወደ ሳምፕ (ከታች ወዳለው የማጣሪያ ገንዳ) እንዴት እንደሚወርድ፣ ከዚያም በፓምፕ እንዴት እንደሚመለስ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ጸሐፊው ጊዜያቸውን ሰጥተው መጻፋቸውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ምክራቸውን እንዳለ የተቀበለ ሰው አንድ ቀን ሳሎኑን በጨው ውሃ ተጥለቅልቆ እንደሚያገኘው ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያላነበባችሁት እንድትከተሉኝ፣ ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ምሳሌ የተደረገው 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ስፋትና 50 ከፍታ ያለው የ360 ሊትር ገንዳ ነው። ለዚህ ገንዳ ባለ 1 ኢንች አንድ መውረጃ ቧንቧ ይበቃል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ቧንቧው ከጮኸ ማንኛውንም ቫልቭ ገጥሞ ጠበብ ማድረግ ነው። መላሹ ፓምፕ የገንዳውን ውሃ በሰዓት 20 ጊዜ ካዞረና አፉ ወደ ኮራሎቹ ከተነጣጠረ በገንዳው ውስጥ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ የሞገድ ፓምፕ አያስፈልግም። ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) እስካለ ድረስ መብራት ቢጠፋም ውሃ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ሳምፑን ሞላ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። በሳምፑ ውስጥ ውሃ ዝግ ብሎ ሲያልፍ ይበልጥ ይጣራል። ማታ ዓሦቹ እንዲያርፉ ፍሰቱ ይቀነስ። በመጨረሻም፣ መስታወት መብሳት የማይፈልግ ሰው ከጠርዝ የሚንጠለጠለውን ኦቨርፍሎው ቢጠቀም ልዩነት የለውም።

አንባቢ ዛሬ ማታ ሊሞክረው ስለሚችል ከሁሉ በላይ ከሚያሰጋኝ ልጀምር፤ ይኸውም ብቸኛውን መውረጃ በቫልቭ ማጥበብ ነው።

ወደ ሳምፑ የሚወርደውን ውሃ መጠን የሚወስነው መውረጃው ሳይሆን መላሹ ፓምፕ ነው። ፓምፑ በሰዓት 1,800 ሊትር ወደ ላይ ከላከ 1,800 ሊትር መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ ወለል ላይ ይፈስሳል። መውረጃው ሲጠብ የሚወርደው ውሃ አይቀንስም። በኦቨርፍሎው ሳጥን ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ በዚያው ልክ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቧንቧውም አየር መሳቡን አቁሞ ሙሉ በሙሉ በውሃ ይሞላል። ጩኸቱ የሚመጣው ውሃና አየር አብረው ሲወርዱ ስለሆነ ያኔ ቤቱ ጸጥ ይላል። ጸሐፊው ያዩት ጸጥታ እውነት ነው። ቧንቧው ሲፎን ሆኗል፤ ሾፌር ናፍጣ ከበርሜል በጎማ ሲስብ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሲፎን ጸጥተኛም ጉልበተኛም ነው፤ ግን ለስህተት ቦታ አይሰጥም። ቫልቩ የተስተካከለው ለዛሬው ፍሰት ነው። ነገ አንድ የአልጌ ቁራጭ ጠባቡ ቀዳዳ ላይ ቢያርፍ፣ ቀንድ አውጣ ቧንቧው አፍ ላይ ቢጣበቅ፣ ወይም አኔሞኒ የሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ቦታውን ለቆ ተስቦ ቢገባ፣ መውረጃው ያንን 1,800 ሊትር ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ፓምፑ ግን አያውቅምና መላኩን ይቀጥላል። በምሳሌው ገንዳ እንስላው። 120 በ60 ሲባዛ 7,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 7.2 ሊትር ነው። ከውሃው ገጽ እስከ መስታወቱ ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ቢኖር የሚይዘው ከ22 ሊትር ያነሰ ነው። በሰዓት 1,800 ሊትር ማለት በሰከንድ ግማሽ ሊትር ማለት ነው። መውረጃው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ገንዳው በ43 ሰከንድ ገደማ ሞልቶ ይፈስሳል። ጸሐፊው እንዳሉት በሰዓት 20 ጊዜ የሚያዞር ፓምፕ ከሆነ ደግሞ 11 ሰከንድ ይበቃል።

ሁለተኛው ቧንቧ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቅንጦት አይደለም። ሄርቢ ተብሎ በሚታወቀው አሠራር ሁለት ቧንቧዎች አሉ። አንደኛው በቫልቭ የተስተካከለ ሙሉ ሲፎን ነው። ሁለተኛው አፉ ከፍ ብሎ ደረቅ ሆኖ የሚጠብቅ መጠባበቂያ ነው፤ እርሱ ላይ ቫልቭ የሚባል ነገር አይገጠምም። ቢንአኒማል የሚባለው ደግሞ ሦስት አለው፤ ሙሉ ሲፎን፣ ጥቂት ውሃ ከአየር ጋር የሚያወርድ ክፍት ቧንቧ፣ እና ደረቁ መጠባበቂያ። የሦስቱ ብልሃት መካከለኛው ላይ ነው። ክፍቱ ቧንቧ አናቱ ላይ ቀጭን የአየር ቱቦ አለው፤ የቱቦው ጫፍ ከመደበኛው የውሃ ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ሲፎኑ ተደናቅፎ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሲነሳ ጫፉ ይሸፈናል፣ አየር ይቋረጣል፣ ክፍቱ ቧንቧም በራሱ ወደ ሲፎን ተቀይሮ ሙሉውን ፍሰት ይረከባል። ሰው ቤት ባይኖርም ሥራው ይከናወናል። የመጠባበቂያውን መጨረሻ በሳምፑ ውስጥ ከውሃው በላይ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ውሃ የወረደበት ቀን ድምፁ ይጠራችኋልና።

ጸሐፊው «ማንኛውም ቫልቭ ይሆናል» ማለታቸውም ልክ አይደለም። ኳስ ያለው ቦል ቫልቭ በሩብ ዙር ከሙሉ ክፍት ወደ ሙሉ ዝግ ይሄዳል፤ የጣት ንክኪ የውሃውን ከፍታ በብዙ ሴንቲ ሜትር ይቀይረዋል። ለሲፎን የሚያስፈልገው ብዙ ዙር የሚዞረው ጌት ቫልቭ ነው፤ እርሱም ሳምፑ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይገጠም። ሌላም በብዛት የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የሲፎኑ ጫፍ በሳምፑ ውሃ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጥለቅ። ጠልቆ ከገባ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በቧንቧው የተያዘው አየር መውጫ ያጣል፣ ሲፎኑም አይነሳም።

አሁን ወደ መጠኑ። ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ ይበቃል፣ በሌላው ደግሞ በሰዓት 20 ዙር ያስፈልጋል ብለዋል። 360 በ20 ሲባዛ 7,200 ሊትር ነው። ሁለቱ ምክሮች በአንድ ገንዳ ላይ አብረው አይኖሩም። ዱርሶ የሚባለው አየር የሚስብ ቋሚ ቧንቧ በ1 ኢንች ሲሠራ ሳይንቋረር የሚያወርደው በሰዓት ከ1,200 እስከ 2,000 ሊትር ቢሆን ነው። እሺ፣ ሙሉ ሲፎን ይሁን እንበል። 70 ሴንቲ ሜትር ቁልቁል በሚወርድ ሲፎን ውስጥ፣ ሰበቃ የሚባል ነገር ጨርሶ ባይኖር፣ ውሃው በሰከንድ 3.7 ሜትር ይፈጥናል። የቧንቧው ውስጣዊ ስፋት 26.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሰዓት 7,400 ሊትር ገደማ ይወርዳል። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ጣሪያ ነው። የመግቢያው፣ የክርኖቹና የግድግዳው ሰበቃ ሲታሰብ የሚገኘው የዚያ ግማሽ አካባቢ ነው። ስለዚህ 7,200 ሊትር በአንድ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ አይወርድም፤ መጠባበቂያውን ገና ሳናነሳ።

ወደ ላይ በሚወጣው በኩልም ሒሳቡ አይገጥምም። በፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ፓምፑ ውሃን ምንም ሳያነሳ የሚያፈስሰው ነው። ከሳምፕ እስከ ገንዳው አፍ 1.5 ሜትር ካለ፣ ከፍተኛ የማንሻ አቅሙ 3 ሜትር የሆነ ፓምፕ ከካርቶኑ ቁጥር ግማሽ ገደማ ቢሰጥ ነው። በሰዓት 7,200 ሊትርን 1.5 ሜትር ለማንሳት ውሃው ራሱ የሚፈልገው ጉልበት 29 ዋት ነው፤ ፓምፕ ከመሰኪያው የሚስበው ግን የዚያ ሦስት እጥፍ ቢሆን አያስገርምም። ትርፉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ገንዳው ውስጥ ይገባል። በዱባይ ወይም በዶሃ በጋ አኳሪየሙን ለማቀዝቀዝ የሚከፍል ሰው ይህንን ልብ ይበል።

ስለ መብራት መጥፋት የተጻፈውን ሳነብ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳ ሊጀምር የሚያስብ ሰው ትዝ አለኝ። መብራት በሚመላለስበት ቤት የሪፍ ገንዳ መልካምነት የሚለካው ሁሉም ነገር ሲሠራ አይደለም፤ ሁሉም ነገር ቆሞ እንደገና ሲነሳ ነው።

ፓምፑ ሲቆም ሁለት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ ከኦቨርፍሎው ከንፈር (ውሃው ተሻግሮ ወደ ሳጥኑ ከሚገባበት ጠርዝ) በላይ የነበረው ውሃ ሁሉ ይወርዳል። ይህ መጠን በፍሰቱና በከንፈሩ ርዝመት ይወሰናል። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ እንደ ማበጠሪያ ያሉት ጥርሶቹ ግማሹን የሸፈኑት ከንፈር በሰዓት 1,800 ሊትር ሲያልፍበት ውሃው 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ይህ ወደ 11 ሊትር ነው። በ7,200 ሊትር ፍሰት ግን 3.7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ 27 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ከንፈሩ በረዘመ ቁጥር ውሃው ይሳሳል፣ ገንዳው ጸጥ ይላል፣ የላይኛውን ቅባትና ፕሮቲንም የተሻለ ይገፍፋል። ኦቨርፍሎው የተፈለገው በዋናነት ለዚህ ግፈፋ ነው፤ የውሃው ገጽ ላይ የሚከማቸው ስስ ሽፋን የአየር ልውውጥን ስለሚያደናቅፍ ቆሻሻን በአረፋ ወደሚያወጣው ስኪመር መሄድ አለበት። ስለዚህ ሳጥን ስትመርጡ ከጥልቀቱ ይልቅ የከንፈሩን ርዝመት ተመልከቱ።

ቀጥሎ የመላሹ ቧንቧ ራሱ ወደ ኋላ ይስባል። ፓምፑ ቆሟል፣ ቧንቧው በውሃ ተሞልቷል፣ አፉ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ጠልቋል። አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ ገንዳውን ወደ ሳምፕ ያወርደዋል። አፉ 6 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ፣ 6 በ7.2 ሲባዛ 43 ሊትር ነው። በሳጥኑና በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ሲጨመር ወደ 50 ሊትር ይጠጋል። 90 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳምፕ ይህንን ለመቀበል 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ከፍታ ያስፈልገዋል። ሳምፑን «ሞላ አድርጎ» የተጠቀመ ሰው ይህንን ውሃ የት ሊያደርገው ነው?

ጸሐፊው መልሳቸው ቼክ ቫልቭ ነው። ቼክ ቫልቭ በቤት የውሃ መስመር ጥሩ ዕቃ ነው። በሪፍ ገንዳ ግን ካልሲየም የሞላበት ሕያው ውሃ ያልፍበታል። ኮራሎቹ የሚገነቡበት ካልሲየም ቫልቩም ላይ ይጋገራል፤ ሮዝ ቀለም ያለው የኖራ አልጌ ይበቅልበታል፤ ቱቦ የሚሠሩ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችና ስፖንጅ መዝጊያው ላይ ይሰፍራሉ። መዝጊያው በፀጉር ስፋት ካልገጠመ ውሃው ቀስ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይመለሳል። በዚያ ላይ በየቀኑ ፍሰት ይቀንሳል። መግጠም የፈለገ ይግጠም፣ በየጊዜው ፈትቶም ይጠብ፤ ግን የሳምፑን ውሃ ከፍታ ቫልቩ እንደሌለ ቆጥሮ ይወስን። ቧንቧው ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚበሳው የአየር ቀዳዳም እንደዚሁ ነው፤ ይረዳል፣ ግን አልጌ ይደፍነዋል። የማይደፈነው መላ አፉን ከውሃው ገጽ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ አድርጎ መትከል ነው። ያኔ የሚመለሰው ውሃ ከ43 ወደ 14 ሊትር ይወርዳል፤ ዕቃ መግዛትም አያስፈልግም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማስቀድመው የፓምፑ ክፍል፣ ማለትም በሳምፑ ውስጥ መላሹ ፓምፕ የሚቀመጥበት ክፍል መጠን ነው። መውረጃዎች ሁሉ ቢዘጉ ገንዳውን የሚያጥለቀልቀው ውሃ የሚመጣው ከዚህ ክፍል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የሳምፑ ክፍሎች በመስታወት ግድግዳ ተከልለዋል። ክፍሉ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ከፓምፑ መሳቢያ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢኖረው 18 ሊትር ነው። ገንዳው ከላይ 21 ሊትር ቦታ አለው። ስለዚህ የፈለገው ቢዘጋ ፓምፑ አየር ስቦ ይጮኻል እንጂ ወለሉ አይረጥብም። የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ ያለው ሰው ግን ይጠንቀቅ። ክፍሉ ሲጎድል መሣሪያው ተንኗል ብሎ ንጹሕ ውሃ ይጨምራል፤ ጥፋቱም እጥፍ ይሆናል፣ የጨውም መጠን ይወርዳል። የመሣሪያው ማጠራቀሚያ ትንሽ ይሁን፣ ወይም ከተወሰነ ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ይገደብ።

ይህንን ሁሉ ዓሣም ጨውም ሳይገባ በተራ ውሃ መፈተን ይቻላል። መሰኪያውን ንቀሉ፤ ውሃው ወርዶ ሲያበቃ ሳምፑ ላይ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፤ መልሳችሁ ሰኩ፤ ሲፎኑ በራሱ ይነሳ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ የሲፎኑን አፍ በእጃችሁ ድፈኑና ሌላው ቧንቧ ሙሉውን ይረከብ እንደሆነ እዩ። ደጋግማችሁ ሞክሩት። ለመብራት መጥፋት ባትሪ የሚገዛ ሰው ካለ ደግሞ መላሹን ፓምፕ ተዉት፤ ባትሪውን ለአንድ የሞገድ ፓምፕ ስጡ። በጥቂት ዋት የውሃውን ገጽ እያንቀሳቀሰ ለዓሦቹና ለኮራሎቹ ኦክስጅን ያቆይላቸዋል።

የሞገድ ፓምፕ ካልኩ ወደ ፍሰት እንግባ፤ ከጸሐፊው ጋር በዋናነት የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። መላሹ ፓምፕ ያለበት ሥራ ውሃን ወደ ስኪመር፣ ወደ ማሞቂያና ወደ ማጣሪያ አድርሶ መመለስ ነው። ለዚህ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ዙር፣ ለምሳሌው ገንዳ ከ1,100 እስከ 1,800 ሊትር ይበቃል። ለኮራሉ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴ ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላ መሣሪያም ይፈልጋል።

ለምን? 7,200 ሊትርን 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት አፎች ብንለቀው ውሃው በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ይወረወራል። በሪፍ ላይ ኮራል የሚያገኘው ፍሰት በሰከንድ በሴንቲ ሜትሮች፣ ሲበረታ በአሥር ቤት ሴንቲ ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ያ ቀጭን ጅራፍ በቀጥታ ያረፈበት ኮራል ሥጋው ከአጥንቱ ይላጣል። ዩፊሊያን የመሰለ ትልቅ ሥጋ ያለው ኮራል ደግሞ ተኮማትሮ ይቀራል። ጅራፉ ካላረፈበት ከድንጋዩ ጀርባ ውሃው ይቆማል፣ ቆሻሻ ይከማቻል፣ ቀይ ዝልግልግ ባክቴሪያ ይነግሣል። ፕሮፔለር ያለው የሞገድ ፓምፕ ግን ውሃን ወደ ላይ ስለማያነሳ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ውሃ በሰፊው ይገፋል። በሁለቱ ጎኖች ሁለት ፓምፖች ተራ በተራ እየበረቱ እየደከሙ ሲሠሩ ፍሰቶቹ መሐል ላይ ይጋጫሉ፤ ኮራሉም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይወዛወዛል። ባሕር ላይ ሞገድ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ውሃው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አቅጣጫው አይጸናም።

ፍሰት ለኮራል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ካለበት አገር ሳንወጣ መልስ እናገኛለን። በእስራኤል ደቡብ ጫፍ፣ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤይላት ኮራሎች ለረጅም ዘመን ተጠንተዋል። ሻሻር፣ ኮኸን እና ሎያ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ከኮራሉ ሥጋ በላይ ባለው ስስ የውሃ ሽፋን ውስጥ ኦክስጅንን ለኩ። ቀን በብርሃን ጊዜ ኦክስጅኑ ከመጠን በላይ ይጠራቀማል፤ ሌሊት ደግሞ ሊያልቅ ይደርሳል። ሽፋኑ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ግን ኮራሉ የሚተነፍሰውና የሚመገበው በእርሱ በኩል ነው። ፍሰት ሲበረታ ይሳሳል፣ ሲደክም ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ታሊ ማስ፣ አማትዝያ ጌኒን እና ባልደረቦቻቸው ፍሰት የኮራልን ፎቶሲንተሲስ የሚጨምረው በዋናነት የተጠራቀመው ኦክስጅን እንዲወጣ በማገዝ መሆኑን አሳዩ። ማለትም ኃይለኛ መብራት ገዝቶ ፍሰቱን የሚቀንስ ሰው ኮራሉ በብርሃኑ እንዳይጠቀም ያደርገዋል።

በሙቀት ጊዜም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በደረሰው ታላቅ የኮራል መንጣት (ኮራል በሙቀት ቀለሙን ሲያጣ) በኦኪናዋ፣ ጃፓን፣ አንዳንዱ ኮራል ሲሞት ሌላው ተረፈ። ናካሙራ እና ቫን ዎሲክ ይህንን ለመረዳት አክሮፖራ የተባለውን የኮራል ዓይነት በሞቀ ውሃ ውስጥ በተለያየ ፍሰት አስቀምጠው ፈተኑ፤ ብርቱ ፍሰት ያገኙት ደካማ ፍሰት ካገኙት በተሻለ ተረፉ። ማቀዝቀዣው የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ ሊያበረታው የሚገባው የሞገድ ፓምፑን ነው።

«ማታ ፍሰቱን ቀንሱ» የሚለው ምክር ከዚህ ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ሌሊት ፎቶሲንተሲስ ይቆማል፤ ኮራሉ፣ ዓሣው፣ አልጌውና ባክቴሪያው ሁሉ ኦክስጅን ተጠቃሚ ብቻ ይሆናሉ። የገንዳው ኦክስጅንና ፒኤች ዝቅ የሚሉት ሊነጋ ሲል ነው። ፍሰት የሚያስፈልግበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነው። ዓሦቹ ድንጋይ ሥር ገብተው ይተኛሉ፤ ባሕሩ ለእነርሱ ብሎ አይቆምም። ጥንካሬውን በጥቂቱ መቀነስ ጉዳት የለውም፤ ማቆም ግን አይገባም።

ምን ያህል ይሁን ለሚል፣ አክሮፖራን ለሚያሳድግ የሞገድ ፓምፖቹ ድምር በሰዓት ከ20 እስከ 40 እጥፍ፣ ለዚህ ገንዳ ከ7,200 እስከ 14,400 ሊትር ጥሩ መነሻ ነው። ዲስኮሶማ ለተባለው ለስላሳ ኮራልና ለመሰሎቹ የዚያ ግማሽም ይበዛል። ቁጥሩ ግን መነሻ ብቻ ነው። ዓይን ይበልጣል፦ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጨምራችሁ ፍርፋሪው የት ሄዶ እንደሚቆም ተመልከቱ። የሚቆምበት ቦታ ሁሉ የሞተ ቦታ ነው። የኮራሉ ፖሊፕ በአንድ አቅጣጫ ተጣጥፎ ከቀረ ፍሰቱ በርትቶበታል፤ ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ደህና ነው። አሸዋው ተገፍቶ የገንዳው ወለል ከታየ ፓምፑን ከፍ አድርጉት።

በሳምፕ ውስጥ ዝግ ያለ ውሃ ይበልጥ ይጣራል ስለሚለው ብዙ አልልም። ጸሐፊው በሰዓት 20 ዙር ካሉ በኋላ ይህንን መጻፋቸው ራሱ ግራ ያጋባል። ለማንኛውም፣ ውሃው ዞሮ የሚመጣ ስለሆነ ዋናው በሰዓት የሚወገደው ጠቅላላ ቆሻሻ ነው፤ አንዱ ሊትር በአንድ ዙር ምን ያህል ጠራ የሚለው አይደለም። መጠነኛ ፍሰትን የምመርጠው ጸጥታ ስላለው፣ ጥቃቅን አረፋ ወደ ገንዳው ስለማያደርስና መብራት ስለሚቆጥብ ነው። ሳምፑ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ገንዳውን አያሞቀውም ብሎ የሚሰጋም አይስጋ፤ በሰዓት 1,800 ሊትር ፍሰት 200 ዋት ማሞቂያ በላይና በታች የሚፈጥረው ልዩነት 0.1 ዲግሪ ገደማ ነው።

የሚንጠለጠለው ኦቨርፍሎው ጉዳይ ቀረ። «ልዩነት የለውም» የሚለው ትክክል አይደለም። በተበሳ ገንዳ ውሃው ከንፈሩን የሚሻገረው በስበት ብቻ ነው። በሚንጠለጠለው ውስጥ ግን ጠርዙን ወደ ላይ ወጥቶ በሚታጠፍ ቱቦ መሻገር አለበት፤ እዚያ ከፍታ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይጠራቀማል። ፍሰቱ ዝቅ ካለ አረፋውን ጠርጎ አይወስደውም፤ ቀስ በቀስ ይከማችና ሲፎኑ ይቆረጣል። አየሩን የሚስብ ትንሽ ፓምፕ የተገጠመለትም ቢሆን ደኅንነቱ በዚያች ትንሽ ፓምፕ ላይ ተንጠልጥሏል። ቤት ተከራይ ሆኖ ወይም ገንዳው አስቀድሞ ተሞልቶ ምርጫ የሌለው ሰው ይጠቀምበት፤ ግን ሁለት ቱቦ ያድርግ፣ የፓምፑንም ክፍል ከላይ እንዳሰላነው ያሳንስ።

ምርጫ ያለው ሰው መስታወቱን ያስበሳ። የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄው በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ (ቴምፐርድ) መስታወት ላይ ነው። እንዲህ ያለው መስታወት ሲበሳ በሙሉ ይፈራርሳል፤ የገንዳ ወለል ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነት ይሠራል። ለማወቅ ነጭ ገጽ ያበራ የኮምፒውተር ስክሪን ከመስታወቱ ጀርባ አድርጉና ፖላራይዝድ በሆነ የፀሐይ መነጽር ተመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ሰንበር ከታየ አትብሱት። ካልታየ የአልማዝ መብሻ፣ ዝቅተኛ ፍጥነትና ሳይቋረጥ የሚንጠባጠብ ውሃ ይበቃሉ። ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የቀዳዳው ስፋት ያህል ይቅር። ቧንቧውን በቀዳዳው የሚያሳልፈውን ማያያዣ ስትገጥሙ የጎማ ቀለበቱ ውሃ ባለበት በኩል፣ ከሰፊው ከንፈሩ ሥር ይሁን እንጂ ከዳዶው ሥር አይሁን። ሲሊኮን አትቀቡት፤ ጎማው እንዲንሸራተት ያደርገዋል። በእጅ እስኪጠብቅ አጥብቃችሁ ሩብ ዙር ጨምሩበት፤ በመፍቻ ተጨማሪ ጉልበት አያስፈልገውም።